ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

ጥር ነው። በቦትስፍዮርድ ፀሐይ ከጠለቀች
ሁለት ወር ሊሞላት፣ ዛሬም አልፈነጠቀች።
ደጁ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ይላል፤
የቱሪድ መስኮት ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።
ባሏ ኦድቫር የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣
በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱን ከአገጩ ሥር ሰብስቦ፣
አፍንጫው ብቻ ይታያል።
«ዝጊው» አይልም። አንዴ ብሎ አይቶታል።

ከጡቷ ሥር ይነሣል፤ መጀመሪያ እንደ ሐሜት፣
ቀስ ብሎ፣ በሹክሹክታ፤
ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ ግንባር፣
ከዚያ ቤት ሙሉ ጫጫታ።
የሌሊት ልብሷ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣
ልቧ ማንም ሳያባርረው ሮጦ ሮጦ አልቆ፣
ሦስት ደቂቃ። አንዳንዴ አምስት።
ከዚያ ጥሏት ይሄዳል፤ ላቡ ይበርዳል፤
አሁን ደግሞ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ፋብሪካው ይሻላል።
እዚያ ቢላዋ ይሄዳል፣ ዓሣው ይሰነጠቃል፤
እሳቱ ሲመጣባት ክንዷን እስከ ክርኗ
በረዶው ሣጥን ውስጥ ትነክራለች፤ ማን ያያል?
አጠገቧ የምትቆመው ቫሳንታ፣ ከጃፍና የመጣች፣
አይታ እንዳላየች ታልፍ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሳቀች፦
«ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ብርድ ሳማ ኖሬ፣
ምድጃው ከሆዴ ገባልኝ ዘንድሮ፣ ዛሬ!»
ጓንታቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት እያብለጨለጨ ሁለቱም ሳቁ፤
የፈረቃው አለቃ፣ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ።

ቃላትም ይሸሿታል። ትናንት ቢላዋውን በእጇ ይዛ
«ያንን... ያንን የሚቆርጠውን» ብላ ቆመች ፈዛ።
እሁድ ዕለት ኦድቫር ማንኪያውን በኩባያው ላይ ኳ ሲያደርግ
ከዚያች ኳ የተነሣ ፍቺ አሰበች፤ የምሯን።
ለልጆቹ ማን ይነግራል፣ ጀልባዋ ለማን ትደርሳለች፣
እስከዚያ ድረስ ሄደች።
ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ
ፎጣ ነክሳ አለቀሰች። ስትመለስ
ሻይዋ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

እናቷ ትዝ ትላታለች። ያኔ ነገሩ ስም የለውም፤
ሆድ ይፍጀው ነበር፤ ሆድም ይፈጀዋል፤ ማንም አይጠይቅም።
ቦርግሂል በውርጭ ሌሊት በባዶ እግሯ ደጅ ወጥታ
ትቆም ነበር። «ድመቷን ፈልጌ ነው» ትላለች ገብታ፣ በሩን ዘግታ።
ድመት አልነበራቸውም።
ቱሪድ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ፤
ከዚያ ወዲህ ይህን ሁሉ ዘመን
እናቴን ያመማት አእምሮዋን ነው ብላ ስታምን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥፍሯን ሰማያዊ የተቀባች፤
አልቸኮለችም። ስለ ደሙ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መገጣጠሚያው ጠየቀች፣
ስለ አልጋውም ጠየቀች፤ ቱሪድ ግድግዳው ላይ ያለውን የአጥንት ሥዕል እያየች መለሰች።
ዳሌ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አዘዘች፤
«ለሁሉ አይሆንም፤ ለአንቺ ግን እንሞክረው» አለች።
የቴምብር ያህል ነገር። ተአምር አልሠራም፤
ግን ከሰባት ሌሊት አራቱን ትተኛለች።

ይህች ከሦስቱ አንዷ ናት።

በእኛ ቋንቋ ማረጥ ይባላል። ጸሐፊው አንዲት ፊደል ቢስት
ማረፍ ተብሎ ይነበብ ነበር።
ቱሪድ ይህን አታውቅም፤ እኔም አሁን አልነግራትም፤
በመስኮቱ አንገቷን አውጥታለች፤ አትሰማኝም።

ወደቡ ማዶ ሌላ መስኮት ተከፍቷል።
መጋረጃው ወደ ውጭ እየተውለበለበ፣
አንድ ነጭ ክንድ ከጨለማው ወጥቶ
በታጠፈ ጋዜጣ አየሩን ይመታል።
ሃልድይስ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የምትጫወተው፤
በእሁድ ቀን ፈገግታዋን እንኳ ቆጥባ የምታወጣው።
ውርጭ ድምፅ አያስቀርም፤ ሹክሹክታም ውኃውን ይሻገራል።

«ድመቴን ፈልጌ ነው» አለች ቱሪድ።

ጋዜጣው ቆመ።
ከሩቅ የአንዲት መርከብ ሞተር ብቻ ይሰማል።
ከዚያ፣ ከማዶ፦
«እኔም።»

ከብርድ ልብሱ ሥር ኦድቫር አፍንጫውን አዞረ፦
«ድመት አለን እንዴ?»