ውሃ አያነሣም

«ከቃሊቲ ወዲያ መርከብ ሠሪ አለ፣
የብስ ላይ ተቀምጦ በባሕር የማለ»
ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁና ተውሁት።
ቅዳሜ ሲነጋ ግን ደብተሬን አነሣሁት፤
ደብተሩን፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ሙልሙል ዳቦ።
ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ ረዳቱም ተርቦ
ዳቦዬን እያየ ሒሳብ ይሰበስባል፣
ፋብሪካው ይሸታል፣ መንገዱ ይንጠናል።

ባለፈው ሳምንት አርታኢው ግጥሜን መልሶልኛል፤
«እህቴ፣ ይሄ ነገር ውሃ አያነሣም» ብሎኛል።

አባ ሳሙኤል ደረስሁ።
ሐይቁ የለም ብል ይቀላል፤ እምቦጭ ወርሶታል፣
አረንጓዴ ጋቢ እስካንገት አልብሶታል።
ጋሽ ሙሄን አገኘሁ ከግራር ጥላ ሥር፣
የጀልባ ጎድን አጥንት በገመድ ሲያስር።
አሰብ ወደብ ላይ ነው እጁ የተማረ፤
ወደቡ ቢርቅም መዶሻው ግን ቀረ።
ስለዚያ አላወራኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም፤
የሄድሁት፣ እውነቱን፣ ለዚያ ወግ አልነበረም።

የሰማሁት ሌላ ነው። እያንዳንዱ ጀልባ
ከታች፣ ከቅጥራኑ ሥር፣ ሳይታይ የሚገባ
ሁለት ስንኝ አለው፣ በመሮ የተጻፈ፤
ሃያ ሰባት ጀልባ፣ ማንም ሳያነበው፣ ቀዘፈ፣ ተንሳፈፈ።

«ልቅዳው ወይ?» አልሁት። ቀስ ብሎ ቀና አለ፣
ከከንፈሩ መሃል ሚስማሩን ነቀለ፤
«ልጄ፣ አንባቢ አለው፤ ውሃው አንብቦታል።
ሰው አይቶ ያጨበጭባል፤ ውሃ ይፈትነዋል።»

ስለ ሰምና ወርቅ ላስረዳው ጀመርሁ፤
የተማርሁትን ሁሉ ባንዴ ዘረገፍሁ።
«እኛ ዘንድ» አለ፣ ሳቅ ሲል፣ «ወርቁ ይሰምጣል፤
ሰው የሚያሻግረው ሰሙ ነው፤ ሰም ይበልጣል።»

ገላን አክስቴ ዘንድ አድሬ እሑድ ተመለስሁ፤
ጀልባው ወደ ውሃ ሊወርድ ሲል ደረስሁ።
ደበላ፣ የአሣ አጥማጁ ልጅ፣ ሸሚዙን አውልቆ
በማጭድ መንገድ ይከፍታል፣ እምቦጩ ውስጥ ጠልቆ።
አንድ ስፌት ላይ ግን ጥጡ አለቀበት፤
በሁለት ጣውላ መሃል ጣት የሚያክል ክፍተት።

«ወረቀት የለሽም?» አለኝ ጋሽ ሙሄ።

ደብተሬን ገለጥሁ።
ባዶ ገጽ ሞልቶ ነበር።
(ባዶውን መስጠት ይቻል ነበር።)
የተጻፈውን ቀደድሁ፤ ሦስት ገጽ፤ ዳቦውን፣ ረዳቱን፣
ማታ በኩራዝ የጻፍሁትን፣ ያንን ሁሉ ማማሩን።
ጠመዘዘ፣ ሰም ነከረ፣ ስፌቱ ውስጥ ጠቀጠቀ፤
ምን ይል እንደሆነ አንዲት ቃል አልጠየቀ።

ደበላ ገፋን። ጀልባው ተንገዳገደ፣
እምቦጩን ሰንጥቆ ቀስ እያለ ሄደ።
መሃል ላይ ጎንበስ ብዬ ስፌቱን ዳበስሁት፣
አላመንሁም፤ እንደገና በመዳፌ ጫንሁት።

አርታኢው እውነቱን ነው፤ ግጥሜ ውሃ አያነሣም።
ይኸው ተቀምጬበታለሁ፣ እግሬ ደረቅ ነው፤
አያስገባም።