ጆሮ ሲመረጥ

በግላስጎ ከተማ፣ ጎቫን ነው ሱቄ፣
ያረጀ ማይክ ነው ሥራዬም፣ ስንቄ።
ዘፋኝ ከባንዱ ጋር ሲጣላ ተኳርፎ፣
ዕቃውን ይሸጣል በርካሽ አራግፎ፤
እኔም እገዛለሁ፤ ጠግኜ፣ ወልውዬ፣
ለሌላው እሸጣለሁ «እንደ አዲስ ነው» ብዬ።

ኢሽቤል መጣች፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣
ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ነፋስ አጣሞት።
ዓሣ ገበያ ውስጥ ሒሳብ ጸሐፊ የነበረች፤
«ድምፄን ቤቴ ልቅረጽ፤ የቱ ይሻላል?» አለች።
ከእናቷ የወረሰችው የደሴት ዜማ፣
አሥራ አራት ነው ቁጥሩ፤ ወረቀት ያላየው፣ ጎረቤት ያልሰማ።
በጀቷን ጠየቅኋት። ቦርሳዋን ከፍታ፣
ቆጠረች ፊቴ ላይ፣ ምንም ሳታመነታ፤
አራት መቶ ፓውንድ፣ በላስቲክ የታሰረ፣
የኮት መግዣ ይመስላል፣ ለክረምት የነበረ።

«ክፍሉን ልየው» አልኩ። ማይክ አይመረጥም፣
የሚቆምበት ቤት ሳይታይ በፍፁም።

ቅዳሜ ሄድኩኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ጠባብ፤
መኝታ ቤት፤ ቁም ሳጥን፤ መስኮቱን ሲመታ ዝናብ።
ከግድግዳው ወዲያ ባሏ ዱጋልድ ተኝቷል፣
አርባ ዓመት መርከብ በይዷል፤ ሳንባው ተበይዷል።

ኮንደንሰሩን ቀድሜ ተከልኩት ከፊቷ፤
ስስ ነው፤ ይሰማል ዜማው ሲነሣ ከአንጀቷ።
ግን ሁሉን ይሰማል፦ የፍሪጁን እንጉርጉሮ፣
የላይ ጎረቤት ጫማ፣ የቧንቧውን ሮሮ፣
ሰው ሠራሽ ጥርሷ ቀጭ ሲል ከቃል መሐል፤
ዱጋልድም ሲያስል፣ ጠቋሚው ቀይ ይላል።
«ይሄ ወሬኛ ነው» አልኩ፣ «የቤት ገመና አያውቅም፤
ግድግዳው ብርድ ልብስ ካልለበሰ አይጠቅምም።»

ዳይናሚኩን አመጣሁ፤ ደንዳና፣ ከባድ ብረት፤
አንድ ስንዝር ካለፈ ግድ የለውም ለቤት።
ፍሪጁ ጠፋ። ጎረቤት ጠፋ። ሳሉም ተዋጠ።
የሷም ድምፅ ግን ራቀ፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደሰመጠ።
ማጉያውን ባዞረው፣ የርካሽ ሣጥኔን ቁልፍ፣
እስከ ጫፍ፤ ሽሽሽ አለ፣ ዓሣ ዘይት ላይ ሲያርፍ።
«ለዚህ» አልኳት፣ «ጥሩ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል፤
ድምፁን ብቻ አንሥቶ ሽሽታውን የሚጥል፤
ሹክሹክታን የሚያጎላ፣ ጨምሮ ሳይዋሽ፤
ዋጋው ከማይኩ ይበልጣል፤ አይገኝም በርካሽ።»

ሦስተኛው ሪባን ነው፤ አሮጌ፤ ድምፁ ማር፤
ትንፋሽ ይበጥሰዋል እንደ ሸረሪት ድር።
አላወጣሁትም ከሣጥኑ። ለማሳየት ያህል ነበር።

«ዳይናሚኩን ውሰጂ» ብዬ መከርኋት፣
«ፕሪአምፑን በየወሩ፣ በዱቤ» አልኋት።
ማዳመጫ አጥልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ሁለቱን ቅጂዎች ሰማች እንደገና።
«እኔ ነኝ ይሄ?» አለች፤ ፊቷ ላይ ሣቅ አለ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እንደተባለ።
ከዚያ ኮንደንሰሩን በጣቷ ነክታ፣
«ይሄን» አለች፤ በዋጋው ሳትከራከር ላፍታ።
«ሳሉስ?» ብዬ፣ «ፍሪጁስ?» ብዬ ስጀምር፣
«ፍሪጁን እነቅላለሁ» አለች። ስለ ሳሉ ግን አንድ ነገር
አልወጣትም።

ሚያዝያ ላይ መጣች፣ ያንኑ አሮጌ ኮት ለብሳ፣
አሥራ አራቱን ዜማ በፍላሽ ጨርሳ።
«አስተካክልልኝ» አለች፤ «አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንሳል።»
እኔም ሙያ አለኝና (ሰው በሙያው ይሳሳታል)
ሳሉን በኮምፒውተር መቀስ ቆርጬ አወጣሁት፣
ሃያ ሦስት ቦታ ላይ፤ በነፃ ነው የሠራሁት።

ቆማ ሰማች። አምስተኛው ዜማ ላይ፣
ከሁለተኛው ስንኝ ኋላ፣ እጇን አነሣች፦ «ቆይ።
እዚህ ጋ ሰው ነበረ።
የት ወሰድከው?»

ሃያ ሦስቱንም መለስኩ፣ አንዱንም ሳልተው፤
እንዴት እንደሚያስል አሁን በቃሌ ነው የማውቀው።
ደንበኛ መጥቶ ዛሬ «የቱ ይሻላል?» ሲለኝ፣
«ቤት ውስጥ ማን አለ?» እላለሁ። ያየኛል እንደ ሞኝ።
ፕሪአምፑ አሁንም አለ፣ መደርደሪያዬ ላይ፤
ዋጋውን አልቀነስኩም። ገዢ ካለ፣ ይታይ።