የጠፋ ቃል ጠሪ

ቦታዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ በርጩማ፣ ደብተር፣ የእጅ ባትሪ።
በግሌንሻሳ አዳራሽ፣ ሠላሳ ክረምት፣ እኔ ነኝ የጠፋ ቃል ጠሪ።
ሥጋ ሻጩ ኮልማን ሲደነግጥ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ አፉ ሲደርቅ፣
ሹክ ብዬ ነው የማቀብለው፣ ከፊት ረድፍ እንኳ ሳይታወቅ።

ቴአትሩ በየዓመቱ ያው ነው፤ ርዕሱ ብቻ ነው የሚለወጥ፤
ያው የረግረግ ማገዶ፣ ያው ነጠላ አምፖል፣ ያው ሰካራም አጎት ደጃፍ የሚቀመጥ።
በሦስተኛው ገቢር ልጅ ይሰደዳል፤ መርከቡ ከሩቅ ይጮኻል፤
እናት (የፖስታ ቤቷ ጎብኔት ናት) ደረቷን መትታ ስታለቅስ፣ ሕዝቡም አብሮ ያለቅሳል።
ከዚያ ሻይ ይፈላል።

ባለፈው ግንቦት ደግሞ ፊልም ሠሪዎች መጡ፣ በሰባት የጭነት መኪና።
«መንደሩ ግሩም ነው» አሉ፤ «ግን አየርላንድ አይመስልም ገና።»
ከማላኪ ጣሪያ ዲሹን አወረዱ፤ የፋርማሲውን መብራት በጆንያ ጋረዱ፤
በፕላስቲክ ሣር ክዳን ከደኑ፤ አህያ ከሌላ መንደር አስነዱ።
ያን ቀን ሰማዩ ያካፋ ነበር፣ እንደ ልማዱ፣ በቀስታ፤
«ይሄ ዝናብ በካሜራ አይታይም» ብለው
በእሳት አደጋ ቱቦ ሌላ ዝናብ አዘነቡበት፣ እስከ ማታ።

ማላኪ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሻን ነው። ሸካራ ኮት አለበሱትና፣ ጭቃ ቀብተው፣
«አነጋገርህ አየርላንዳዊነት ያንሰዋል» አሉት፤
አስተማሪ መደቡለት፣ የካሊፎርኒያ ሰው።
ተማረ። በቀን መቶ ሃያ ዩሮ ማን ይጠላል?
ዛሬም አንዳንዴ ያመልጠዋል፤ በዚያው ቅላጼ ድመቱን ይጠራል።

ፊልሙን ከተማ ወርደን አየነው። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም።
አለቀስኩም። ግን የማን አገር ነው?
ያን አፈር እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ወንድሜ ፊያክራ የሄደ ለት (ወደ ፐርዝ ነው፣ ክሬን ሊነዳ)
መርከብ አልጮኸም። እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር፣ ጓዳ።
አባቴ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ «ናፍጣ ሞልተሃል?» አለው።
«ሞልቻለሁ።» «ጎማውስ?» «ደህና ነው።»
ከዚያ ዝም። ከዚያ «በል እንግዲህ።»
በሩ ተዘጋ። እናቴ ውኃውን ዳግም ከፈተች፤
የታጠበውን ሳህን መልሳ አጠበች።

ዘንድሮ፣ በመጨረሻው ምሽት፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ፣
ኮልማን ሻንጣውን አንሥቶ ቆመ፤ ቃሉ ጠፋው፤ ዓይኑ ወደ እኔ ሲያይ
ቃሉ ጣቴ ሥር ነበር፦ «እማዬ፣ የዚህች አገር ኮረብታ በልቤ…» ምናምን።
ባትሪውን አጠፋሁ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ እስካሁን።
ጎብኔት ጠበቀች። እጇ ወደ ደረቷ ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቀረ፤
ዝቅ ብሎ የልጁን የኮት ቁልፍ ቆለፈ።
ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው አቀረቀረ።
ኮልማን በመጨረሻ «የዶሮዎቹን በር ዘግቻለሁ» አለ፤ ወጣ።
ማንም አላለቀሰም። ሻዩ ፈላ፤
ብዙ ቆይቶ እንኳ፣ ሊጠጣ ማንም አልመጣ።

ማላኪ ደጅ አገኘኝ። ያ ካሜራ የማያየው ካፊያ ነበር።
«ዛሬ ተኛሽ እንዴ?» አለኝ፣
በገዛ አነጋገሩ፣ ያለ መምህር።