የዓሣ ሚዛን

ማክሰኞ የክብደት፣ ማክሰኞ የክትባት፤
ጤና ኬላው ደጃፍ፣ ዋርካው ሥር፣ ከእናት ኋላ እናት።
ሚዛናችን ግና ሞላው ረግቦበት
ሦስት ልጅ ብንሰቅል ለሦስቱም ፈረደ እኩል ስድስት ኪሎ፤
አራተኛው ቢያለቅስም መርፌው ቀጥ ብሎ
ቀረ።
ባሕር ዳር ከጻፍን ሁለት ወር ሊሞላ፤ በደንገል ታንኳ እንኳ በደረሰ ነበረ።

አንማው ዓሣ አስጋሪው፣ ልጁን ዓይናዲስን ለጎረቤት ሰጥቶ
ቁልቁል ወደ ጣና ሮጠ፤ ሲመለስ ሚዛኑን አንግቶ፣
የዓሣውን ሚዛን፤ «ታጥቧል» አለኝ ቶሎ፣ «በአመድ፣ በሎሚ ታሽቶ።»
አሸተትኩት፦ አምባዛ። በአልኮል ደገምኩት።
ሁለት ኪሎ ስኳር ከሱቅ ተውሼ ለፈተና ሰቀልኩት፦
ሁለት ኪሎ ከመቶ አለ። «ባለሱቁ ምራቂ ያውቃል» ብዬ አለፍኩት።

ነይ እንግዲህ እሙዬ። ቀሚስሽ ይውለቅ፣ ክታብሽ ይቆይ፤
ክሩ ስንት ግራም ነው? እስቲ ደረት እንይ።
የማዳመጫው ብረት ቀዝቃዛ ነውና መዳፌ ውስጥ አሞቅሁት፤
እስኪሞቅ እሷ ናት መርማሪዋ፦ ጉትቻዬን፣ አፍንጫዬን፣ የጥርሴን ፍንጭት።
ትንፋሽ፦ ጥሩ። ልብ፦ ነፋስ ሳይነሣበት
ሊሻገር እንደሚቀዝፍ ሰው፣ ቶሎ ቶሎ።
የዓይኗን ቆብ ገለጥኩ፦ ቀይ ነው። ድዷ ላይ ስድስት ጥርስ በቅሎ
ሰባተኛው መንገድ ላይ።
ክንዷ ግን፣ ክንዷ...
ሜትሩ አረንጓዴው ላይ ቆመ፤ ከቢጫው በአንዲት ፀጉር ስፋት።

ከዚያ ሰቀልናት። ተወራጨች፣ ጮኸች፣ ዝም አለች፤
መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ስምንት ላይ አረፈች።
ስምንት ኪሎ ሙሉ! ካርዷ ላይ ነጥቡን ላሳርፍ እስክሪብቶ ሳነሣ
አንማው እጄን ያዘ፤ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ዓሣ፦
«መቶውን ቀንሺው።»
«የምን መቶ?»
ዓይኑ ወደ ሰልፉ ሄዶ ተመለሰ፤
የቅዳሜ ደንበኞቹ ናቸው፣ እነ እንጉዳይ፣ እነ ውድነሽ።
«በዓሣው ዋሽቼ ይሆናል» አለኝ፣ «በሷ ግን አልዋሽም። ቀንሺው።»

ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ጻፍኩት።
«ከምትሸጠው አንዲት ቆሮሶ ለሷ ትቅር» አልኩት፣
«እሾኋን ለቅመህ፣ ከገንፎዋ ጋር፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»
ራሱን ነቀነቀ። ልጁን አዝሎ ወረደ። ሚዛኑን አልወሰደም።

አርባ ልጅ መዘንኩበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣
ከያንዳንዱ መቶ በልቤ እየቀነስኩ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳልነግር።
የመጨረሻዋ ውድነሽ፣ መርፌዋንም አየች፣ እስክሪብቶዬንም አየች፤
«ሲስተር፣ ቅዳሜ ለታ የገዛሁት አምባዛ...» ብላ ጀመረች፤
ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ
ተወች።