የጋሽ ዘርጋው ስንዝር

ለገሀር፣ ከጓሮው፣ ፉጨት ከከሰመ፣
ጋሽ ዘርጋው ይውላል ሐዲድ እያከመ።
ድሮ መስመር ጠጋኝ፣ ዛሬ ጡረተኛ፣
ፈረንሳይኛው ሰባራ፣ ስንዝሩ ሐቀኛ፤
መዳፉን ዘቅዝቆ፣ አውራ ጣት ወጥሮ፣
የኛን ከሰው አገር ሲለካ አነጻጽሮ፦

«እቺ አንድ ሜትር ናት፣ እስከ ጅቡቲ በር፣
ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ስትቆጠር።
ሕንድ ሦስት ስንዝር በዚህ ላይ ጨምራ፣
ስልሳ ሺህ አልፋለች፤ ሜዳ አላት፣ ተራራ።
ሩሲያ ሁለት ስንዝር፣ በላዩ አራት ጣት፤
ተሳፍረህ ሳምንትህ ያልቃል ሳትወጣት።
ስፔን ከሕንድ ብትለይ በጥፍር ጫፍ ልክ ነው፤
ለዚህች ታህል ብሎ መለየት ምን ልክ ነው?
አየርላንድ ሰፊ ናት በስንዝር ብትለካ፤
መንገዷ ሁለት ሺህ ገደማ ነው ለካ!»

ሊስትሮው ዳና ብሩሹን አቆመና፣
«ጋሼ፣ እኛ አገር ድረስስ?
ወላይታ፣ ስንት ስንዝር ነው?» አለ።

ስንዝሩ አየር ላይ እንደተወጠረ ቀረ።

በድልድዩ ላይ የከተማው ባቡር አለፈ፣
ሰፊም ያልሆነ፣ ጠባብም ያልሆነ፣
መስኮቱ በሰው ጉንጭ የታፈነ።
ሣሩ ተንቀጠቀጠ። ብሎን የነበረበት ጉድጓድ
የትናንቱን ዝናብ ይዟል፤
አንዲት ድንቢጥ ትጠጣለች።

ልጁ መልስ አልጠበቀም።
ሣጥኑን በሁለቱ ብረት መሐል አኖረ፤
ልክክ አለ፣ ተርፎም ቦታ ነበረ።
ወደ አቧራማው ጫማ እያየ፣
«በል፣ ዘርጋው» አለ፤ እግሩን ማለቱ ነው።

ሽማግሌው ስሙን የጠሩት መስሎት፣
ሐዲዱ ወደሚሄድበት ዞሮ፣
«አቤት!» አለ።