ደረቅ ጨው

አስራ አንደኛ ክፍል፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣
መምህር አዛናው ባትሪና አምፖል፣
ሁለት ብርጭቆ፣ የተላጠ ሽቦ
ይዘው ገቡ፣ ኮታቸው ጠመኔ ጠግቦ።
ስኳር በጠበጡ፤ አምፖሉ ዝም አለ።
ጨው በጠበጡና ነከሩት፤ ቦግ አለ።
ከኋላ ወንበር ላይ ፉጨት ተከተለ።

«ስኳር ተጋርቶ ነው የሚኖር» አሉን፣
«አቶም ካቶም ጎረቤት፣ ኤሌክትሮኑን
ማንም አልሰጠ፣ ማንም አልወሰደ፤
ውሃ ቢገባ እንኳ ቤቱ አልተናደ።
ጨው ግን ሌላ ነገር፤ ሶድየም ያለችውን
አንዲት ኤሌክትሮን፣ የዳር የዳሯን፣
ለክሎሪን ይሰጣል፤ በዚያው ይያያዛሉ፤
ስምንት መቶ ዲግሪ እሳት ይችላሉ።»

ደግሞ ጧፍ አውጥተው ሰሙን በመዳፋቸው
አለዘቡት፣ እስኪይዝ የጣት አሻራቸው።
ሰም በኛ አገር ቅኔ አለው፣ ወርቅ ሸፍኖ ኖረ፤
ጨው ግን፣ ብዬ አሰብኩ፣ ለወጥ ብቻ ቀረ።
አንድ ነገር ደግሞ ግራ ገባኝ ያኔ፤
የሰጠው፣ የጎደለው፣ «ፕላስ» ተባለ በጠመኔ።

እናቴ አራዳ ገበያ ጨው ትሸጣለች፤
ከበርበሬ ሻጯ ጋር መደብ ትካፈላለች።
ሚዛኑ የእናቴ፣ ጥላው የፈንታነሽ፤
«የማን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ምን አገባሽ!»

ያን ማታ ነገርኳት፣ ጆንያውን ስናስር፦
«እማዬ፣ የምትሸጪው ጨው ሲመረመር
አንዱ፣ ውሃ ሲነካው የሚነድ ብረት ነው፤
ሌላው፣ ሳንባ የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ነው።»
ቀና ሳትል፣ ገመዱን እያጠበቀች፣
«እሳትና መርዝ ባንድ ቤት? አግብቼ የለ!» አለች።
ፈንታነሽ በርበሬዋ ላይ እስክታስነጥስ ሳቀች።

አባቴን ማለቷ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ
መተማ ሲወርድ፣ ከጓዳ
ያላትን አንዲት ሐብል አውጥታ ሰጠችው፤
ስምንት ዓመት ሙሉ አልተመለሰ፣ አልፈታችው።
እንባ አይቼባት አላውቅም፤ ሰፈሩ «ደረቅ» ይላታል፤
እኔም እል ነበር። ደረቅ ጨው አምፖል መች ያበራል?

ሰኔ አስራ ሁለት፣ ሰማዩ ከአንገረብ ማዶ ጠቁሮ፣
አንድ ሾፌር መጣ፣ የቆላ አቧራ ፊቱ ላይ አድሮ።
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር መዳፏ ላይ አኖረ፤
«አደራ ነበር» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረ።
ፈታችው፤ ሐብሏ ነች፣ ያቺው።
ሰማዩም ያኔውኑ ለቀቀው።

ጆንያው እየራሰ፣ ነጩ ሲፈስ በቦዩ፣
እኔ ስሯሯጥ፣ ዓይኖቿ ግን ሌላ ሲያዩ፣
ፈንታነሽ ጥላውን ዘረጋች፣ እንደ ልማዷ፣ ግማሹን ለሷ፤
እሳት ያልፈታት እናቴ አለቀሰች፣ ከነነፍሷ።

ማታ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ፣ ወሬዋ ሳይቋረጥ እስከ ንጋት፣
ስለ ሠርጓ፣ ስለ ቀሃ ወንዝ፣ ስለ አባቴ ጥርስ ፍንጭት
ነገረችኝ፣ ስምንት ዓመት ያላስተላለፈችውን።
ጧፍ አልለኮስንም። ፊቷን አየሁት፣ ሁሉን።

ሰኞ ፈተና ላይ ጥያቄ ሦስት እንዲህ ይላል፦
«ደረቅ ጨው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለምን ይመስላችኋል?»
«ስላልሟሟ» ብዬ ጻፍኩ፤ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
መምህር አዛናው ግማሽ ሰጡኝ፤ አልተከራከርኩ።
ከመልሴ ጎን፣ በቀይ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ በግራ፦
«ይብራራ።»