ጀርባህን አዙር

ስድስት ዓመት ሙሽራ ሳነሣ፣ በታቦር ግርጌ፣ በሐይቁ ዳር፣
«አንተ ጠጋ በል፣ ሙሽሪት ቀና፣ ሚዜው ከጥላው ውጣ» ስል ስኖር፣
የቆጠብኳት ብር ተጠራቅማ፣ ሄዳ ሄዳ ሌንስ ሆነች፤
ክንድ ታህላለች ቁመቷ፣ እንደ ሙቀጫ የከበደች።
ሦስት ኪሎ ከሩብ! በበርበሬ ሚዛን መዘንኳት፤
«ሕፃን ናት እንዴ?» አለች ሻጯ፣ በሁለት እጇ እንዳቀፈቻት።

አሁን ልወጣ ነው አላሙራ፣ በእግሬ፣ ሐዋሳ ላይ ሳይነጋ፣
ጥቁሩ ንስር ከሚያርፍበት፣ ከገደሉ አፍ ልጠጋ።

በምን ልያዛት ግን?

ሐመሶን አስከትዬ አሮጌ ገበያ ወረድኩ።
ቦርሳው እንደ ሥጋ ተሰቅሏል።
የተማሪው ጠበባት፤ አንገቷን አውጥታ
ዘንቢል ውስጥ እንዳለች ዶሮ መንገደኛ ታያለች።
የወታደሩ ሰፋት፤ ስራመድ
ቅል ውስጥ እንደቀረች ፍሬ ትንኳኳለች።
አንድ ፈረንጅ ያገለገለበት ደግሞ ኪስ በኪስ፣ ዚፕ በዚፕ፤
ሃያ ሁለት ቆጥሬ ተውኩት።
«ንስሩን ቆይ ትለዋለህ» አለኝ ሐመሶ፣
«ቆይ ጌታዬ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሻለሁ።»
ነጋዴው ማለ፤ «እናቴን! ጠብታ አያስገባም!»
ሐመሶ ከሃይላንዱ ጥቂት አፈሰሰበት።
ገባ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ናት እትዬ አስካለች፣
የአይሱዙ ሸራ ስትጠግን፣ መነጽሯን በክር ያሰረች።
ሌንሷን አወጣሁላት፤ «ለኪልኝ ይችን» አልኩ በኩራት።
ዞር ብላም አላየቻት።
ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ
«ጀርባህን አዙር» አለች።

ከማጅራቴ እስከ ወገቤ፣ ከወገቤ እስከ ዳሌዬ፣
እየለካች፣ በጠመኔ ሸሚዜን እያበላሸች፦
«ትከሻ ጉረኛ ነው ልጄ፣ ቶሎ እሺ ይላል፣ ቶሎ ይዝላል፤
ሸክምን ለዳሌ ስጠው፣ እሱ ዝም ብሎ ይችላል።
አምስት ልጅ በአንቀልባ አዝያለሁ፤
አንቀልባ ሲላላ እናቲቱን ነው መጀመሪያ የሚጥል።
ከፍ አድርጎ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ከጀርባ አጥንት ጋር ማጋጠም፤
ሲርቅህ ነው የሚከብድህ፣ የተጠጋህ አይከብድም።»

«ንስሩስ ድንገት ቢነሣ?»

«ልጅ ሲያለቅስ አውርጄ፣ አንጥፌ፣ ፈትቼ መሰለህ?
በጎኔ አዙሬ ነው ወደ ጡቴ።»
የቦርሳውንም አፍ በጎኑ አደረገችው።

ባራተኛው ቀን ተቀበልኳት፤ ግራጫ፣ ዘይት ዘይት የሚሸት፣
ሁለት ጎማ የሚያህል ማሰሪያ፣ የብርድ ልብስ ቁራጭ ከውስጧ የተሰፋበት።
የአይሱዙው ጽሑፍም ሳይለቅ ቀርቷል፣
በቀይ ቀለም፣ ጀርባዬ ላይ፦
«ርቀትህን ጠብቅ»።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወጣን።
እትዬ አስካለች አልዋሸችም፤ የተኛ ልጅ ያዘልኩ መሰለኝ፣
ዳገቱ ላይ አንዴ እንኳ ዞሬ ነካሁት፣ እንዳይበርደው።
ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ሐመሶ ከኋላዬ፣ ቆሎውን ይዞ።
ቦርሳዬን በጎኔ አዞርኩ፣ ሌንሷ እጄ ላይ መጣች፣
ንስሩ ግን የለም።

ስጠብቅ፣ ወደ ታች አነጣጠርኩ፤
ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ ቆሟል፣
ራሰ በራ፣ እንደ ጡረተኛ፣
ኮዳውን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣
ሳይገዛ፣ ሳያስለካ፣ ሳይከራከር።
እንዴት አምሮበታል!
አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሠላሳ ጊዜ አነሣሁት።

አንድ ጥላ ትከሻዬን ነክቶ አለፈ፤
ነፋስ መሰለኝ።

«አለፈ» አለ ሐመሶ፣ ቆሎውን እያኘከ፣
«በጀርባህ በኩል። ጽሑፉን ያነበበ ይመስል ነበር።»